ማማው ላይ የሚወጣው ማን ነው?

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አጎት ዕድሜውን በፖሊስ መርማሪነት ሠርቶ በጡረታ የተሰናበተ፣ አሁን ቡሬ ተቀምጦ ለሽምግልና የሚፈለግ ሰው ነው። መምህርት የእህቱ ልጅ ናት፤ ፍኖተ ሰላም ሶሲዮሎጂ ታስተምራለች። ክርክሩን ያስነሣው ለተማሪዎቿ ያዘጋጀችው አንድ የፈተና ጥያቄ ነው፤ «ወንጀል የሚወለደው ከድህነት ነውን?»

አጎት፦ ይህን ስትጠይቂ ልጆቹ «አዎን» ብለው እንዲመልሱልሽ ነው?

መምህርት፦ አይደለም ጋሼ፤ እንዲሟገቱበት ነው።

አጎት፦ እንግዲያው ከእኔ ጀምሪ። እኔ በባዶ እግሬ ነው የተማርኩት። አብረውኝ ከብት የጠበቁ ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ቅስና ተቀበለ፣ አንዱ የበርበሬ ነጋዴ ሆነ፣ አንዱ ደግሞ ሌብነት ለምዶ በዚያው ቀረ። ድህነታችን አንድ ነበር። መርማሪ ሆኜ ቃል ስቀበል «ቸግሮኝ ነው» የማይል ሌባ አላየሁም። የተሰረቀችውስ? ጥቂት ቁና በርበሬ ሸጣ ለልጇ ደብተር ልትገዛ ገበያ የወጣች ሴት ናት። ከሌባው ምን ያህል ትሻል ነበር? እሷስ ለምን አልሰረቀችም?

መምህርት፦ ጄምስ ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ወንጀል ያወጣው መጽሐፍ ከዚሁ ከእርስዎ ጥያቄ ነው የሚነሣው። በ1960ዎቹ አሜሪካ በሀብት ላይ ሀብት ጨመረች፤ መንግሥትም ድህነትን ለማጥፋት ብዙ ገንዘብ አወጣ። ወንጀል ግን በእነዚያው ዓመታት ውስጥ አሻቀበ። ስለዚህ ዊልሰን፣ የወንጀልን ሥር እንንቀል እያሉ የሚከራከሩ ምሁራን ዛሬ ማታ ለሚዘረፈው ሰው የሚሆን ነገር የላቸውም ብሎ ተነሣ። መንግሥት የሰውን ልብ መለወጥ አይችልም፤ የሚችለው ወንጀሉ አዋጭ እንዳይሆን ማድረግ ነው አለ። እሱንና መሰሎቹን ቀኝ ዘመም ሪያሊስቶች ይሏቸዋል።

አጎት፦ ይህ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ያደረ ሰው መሆን አለበት።

መምህርት፦ የፖለቲካ ሳይንስ አስተማሪ ነበር፣ ሃርቫርድ። አንድ ነገሩን ግን አከብርለታለሁ። በዚያን ዘመን ብዙዎቹ ግራ ዘመም ምሁራን ሌባውን እንደ ዐመፀኛ፣ ፖሊሱን እንደ ሀብታም ዘበኛ አድርገው ሲያዩ፣ በርበሬ ሻጯን ረስተዋት ነበር። ዊልሰን አልረሳትም። ድሃ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰረቀው በድሃ ነው፤ የተሰረቀበት ብር ደግሞ የወሩ ቀለብ ነው።

አጎት፦ ታዲያ ሰው የሚሰርቀው ለምንድን ነው ይላሉ?

መምህርት፦ ሒሳብ ሠርቶ ነው ይላሉ። ጋሪ ቤከር የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1968 ነገሩን እንደ ንግድ አየው፤ ሰውየው የሚያገኘውን ጥቅም፣ የመያዝ ዕድሉንና የቅጣቱን ክብደት ያመዛዝናል አለ። ኮርኒሽና ክላርክ የሚባሉ ምሁራን ደግሞ በ1986 ትንሽ አለዘቡት፤ ሌባ በጥድፊያና በጎደለ መረጃ ይመዝናል፣ ግን ይመዝናል አሉ።

አጎት፦ ይመዝናል እንጂ! መነሐሪያ ላይ ቆሜ ያየሁት ነው። አውቶቡሱ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ አንጋጦ ከጣሪያ ዕቃ ሲቀበል፣ ያኔ እጁ ይገባል። ሻንጣውን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ዙሪያውን የሚያየውን ሰው አይጠጋውም። ሌባ ፈሪ ነው የሚሉ ሰዎች አይገባቸውም፤ ሌባ አስተዋይ ነው።

መምህርት፦ ኮኸንና ፌልሰን የሚባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉት ይህንኑ ነው። ወንጀል እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት መገናኘት አለባቸው፤ ሊያጠፋ የተዘጋጀ ሰው፣ የሚመች ነገር፣ ከዚያም የጠባቂ አለመኖር። የጎጃም ገበሬ ይህን ከማንም አልተማረም። በቆሎው ሲያሽት ማማ ሠርቶ ወንጭፍ ይዞ የሚወጣው ዝንጀሮውን መልካም ጠባይ ሊያስተምር አይደለም፤ ማሳውን እንዳይደፍር ነው። በሬውንም ማታ ቤቱ አስገብቶ በሩን የሚዘጋው ለዚሁ ነው።

አጎት፦ እንግዲህ ተስማማን። ሙግቱ የት አለ?

መምህርት፦ ሙግቱ ማሳውን አልፎ ይጀምራል። አንዱ ማሳ ሲጠበቅ ዝንጀሮው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በምዕራብ ጀርመን በ1960ዎቹ መጀመሪያ መኪና ሁሉ፣ አዲሱም አሮጌውም፣ የመሪ ቁልፍ እንዲኖረው ታዘዘ፤ የመኪና ስርቆት ቀነሰ። እንግሊዝ ግን ከ1971 ጀምሮ አዳዲሶቹን ብቻ አስቆለፈች። ሌቦቹ አሮጌዎቹን መስረቅ ያዙ። አዲስ መኪና መግዛት የማይችለው ሰው የባለ አዲሱን ጉዳት ተሸከመ። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ማማው ላይ የሚወጣው ማን ነው? ማሳውን ሲጠብቅ የማንን እሸት ይበላል?

አጎት፦ ወደ ፖሊስ እየመጣሽ ነው።

መምህርት፦ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን እርስዎ «ትንሹን ነገር ካልያዝክ ትልቁ አይያዝም» ይሉ የነበረውን ላንሣ።

አጎት፦ አሁንም እላለሁ። ጠላ ቤት ደጅ ላይ ሴት ይሳደባሉ፣ ዝም ትያለሽ። ማታ መንገድ ዘግተው ካርታ ይጫወታሉ፣ ዝም ትያለሽ። ከዚያ ሰው በዚያ መንገድ መሄድ ይተዋል። ሰው የተወው መንገድ የማን ይሆናል?

መምህርት፦ ዊልሰን ከጆርጅ ኬሊንግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ዘ አትላንቲክ መጽሔት ላይ ያወጣው «የተሰበሩ መስኮቶች» የሚለው ጽሑፍ ይህ ነው። አንድ መስኮት ተሰብሮ ሳይጠገን ከቀረ፣ ማንም ግድ እንደሌለው ይነግራል፤ ሌሎቹም ይሰበራሉ። ጨዋው ቤቱን ይዘጋል፣ ወንበዴው ይገባል። በ1994 ሩዶልፍ ጁሊያኒ የኒው ዮርክ ከንቲባ፣ ዊሊያም ብራተን የፖሊስ አዛዥ ሲሆኑ ሐሳቡን ሥራ ላይ አዋሉት። ባቡር ላይ ሳይከፍል የገባ፣ ግድግዳ ላይ የጻፈ፣ መንገድ ላይ የሰከረ ሁሉ ይያዝ ተባለ።

አጎት፦ እና?

መምህርት፦ እ.ኤ.አ. በ1990 ኒው ዮርክ ውስጥ ከ2,200 በላይ ሰዎች ተገድለው ነበር፤ በ1998 ቁጥሩ ወደ 630 ገደማ ወረደ።

አጎት፦ በቃ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?

መምህርት፦ መውረድ የጀመረው ጁሊያኒ ሳይመረጥ ነው። እንዲህ ያለ ዘመቻ ባልተደረገባቸው ከተሞችም ወረደ፤ ሳን ዲዬጎ ፖሊሱን ከነዋሪው ጋር አቀራርቦ በማሠራት ብዙ ሰው ሳያስር ነው የቀነሰው። ክራክ የሚባለው ዕፅ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ሥራ ተገኘ፣ የፖሊስ ቁጥርም ጨመረ። ከእነዚህ ውስጥ የመስኮቱን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ቀላል አይደለም። ሳምፕሰንና ሮደንቡሽ የሚባሉ ተመራማሪዎች ቺካጎ ውስጥ መንገዶችን በቪዲዮ እያስቀረጹ አጥንተው በ1999 ያሳተሙት ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ቆሻሻውም ወንጀሉም የሚመጡት በአብዛኛው ከአንድ ምንጭ ነው፤ ድህነት በአንድ ሰፈር ሲከማች፣ ጎረቤት ከጎረቤት መተማመኑም ሲላላ። መስኮቱን መጠገን መልካም ነው፤ ሌባውን የወለደው ግን መስኮቱ አይደለም።

አጎት፦ ቢሆንም ምን ጎዳ? ትንሹን መያዝ ማንን ይጎዳል?

መምህርት፦ የተያዘውን። ኒው ዮርክ ውስጥ በኋላ መንገደኛ እያስቆሙ መፈተሽ ተለምዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ ከ680,000 በላይ ጊዜ ሰው እንዲቆም ተደርጓል። ከዐሥሩ ዘጠኙ ገደማ ምንም አልተገኘበትም። አብዛኞቹ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዘር ያላቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንዲት የፌዴራል ዳኛ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። ፍተሻው እጅግ ከቀነሰ በኋላ ወንጀል ይነሣል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አልተነሣም።

አጎት፦ ያ የእነሱ የቀለም ጣጣ ነው።

መምህርት፦ የእኛስ? የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996ን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አጎት፦ እንዴት አላውቀውም።

መምህርት፦ መሥራት የሚችል ሆኖ የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው ሰው፣ ከዚያም አዋጁ የዘረዘራቸውን እንደ ማወክ፣ ቁማር፣ በቡድን እየሆኑ ሰው ማስፈራራት ያሉ ነገሮች ሲያደርግ ከተገኘ አደገኛ ቦዘኔ ይባላል። የዋስ መብትም ተከልክሏል። ይህ አዋጅ የተሰበሩ መስኮቶች አማርኛ ተናግሮ የመጣ ነው። ከወንበርማ ወይም ከቋሪት መሬት ያልደረሰው ወጣት ሥራ ፍለጋ ቡሬ ይመጣል። ጠዋት የቀን ሥራ ከሚገኝበት ቦታ ይቆማል፤ አላገኘም፣ ከሰዓት በኋላም እዚያው ነው። የሚታየው መተዳደሪያ የትኛው ነው?

አጎት፦ በአዋጁ ሰፈራቸውን ያስጨነቁ ጎረምሶች ተይዘው ሕዝብ እፎይ ሲል አይቻለሁ። ይህን አትካጅኝ። ግን እውነትሽን ነው፣ የቀን ሠራተኛና የቀን ሌባ ልብሳቸው አንድ ነው። ለይቶ ለመያዝ ሰውየውን ማወቅ ይጠይቃል፤ የሚያውቀው ደግሞ ፖሊሱ ሳይሆን ሰፈሩ ነው።

መምህርት፦ እፎይታውን አልክድም። የምጠይቀው የማን እፎይታ በማን ዋጋ እንደሆነ ነው።

አጎት፦ ይሁን። እኔ ግን የነገሩ ሥር ቤት ነው እላለሁ። ልጅ የሚበላሸው አባት ሲጠፋ ነው። ታላቅን የማያከብር፣ ቤተ ክርስቲያን የማይሳለም፣ ተቆጪ የሌለው ልጅ ነው መርማሪ ፊት የሚቀርበው።

መምህርት፦ እዚህም ላይ ጓደኛ አለዎት። ቻርልስ መሪ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው መጽሐፍ የአሜሪካ የድጎማ ገንዘብ አባት የሌለው ቤት እንዲበዛ አደረገ አለ፤ በ1989 ደግሞ ወደ እንግሊዝ ተጋብዞ ሄዶ ያንኑ እዚያም አየሁ ብሎ ጻፈ። አባት ከሌለ አርአያ የለም፣ አርአያ ከሌለ ሥራ የማይወድ ሰው ይፈጠራል፣ ከዚያ ወንጀል። ጋሼ፣ ይህን ንድፈ ሐሳብ ይዘን ከቡሬ እንውጣና ገጠሩን እንየው። ማነው እዚያ ድጎማ የሚበላው? ማነው ተቆጪ ያጣው? አባት አለ፣ አያት አለ፣ የክርስትና አባት አለ፤ ማኅበር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ እድር አለ። በቻርልስ መሪ ሒሳብ የምዕራብ ጎጃም ገጠር ከዓለም ሁሉ ሰላማዊው መሆን ነበረበት።

አጎት፦ (ጥቂት ዝም ካለ በኋላ) አይደለም።

መምህርት፦ ለምን እንዳልሆነ እርስዎ ይንገሩኝ። ይህን እኔ ከመጽሐፍ ነው የማውቀው።

አጎት፦ ከመርማሪነቴ የማልረሳው ይህን ነው። ከተማ ውስጥ የያዝኳቸው አብዛኞቹ ሌቦች ናቸው። ገጠር የሄድኩት ግን ለሬሳ ነው። ገዳዩ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ባለ ትዳር፣ አራሽ፣ የተከበረ ሰው ነው። ነገሩ ከድንበር ይጀምራል። አንዱ ሲያርስ አንዲት ፈር ወደ ጎረቤቱ ይገፋል። በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ፈር ይጨምራል። ይነጋገራሉ፣ ይካሰሳሉ። ከዚያ ሠርግ ወይም የንግሥ በዓል ይመጣል፤ ጠላ አለ፣ አረቄ አለ፣ ጠመንጃ አለ። አንድ ቃል ትወረወራለች። አንዱ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የከፋው። ለቅሶው ላይ ይፎከራል፣ ይሸለላል። የሟች ልጅ ያኔ ዐሥር ዓመቱ ሊሆን ይችላል። አድጎ እስኪደርስ ይጠብቁታል። አጎቶቹ፣ አንዳንድ ጊዜ እናቱም፣ የአባትህ ደም ሜዳ ቀርቷል ይሉታል። ውኃ ሲቀዳ፣ ገበያ ሲወጣ፣ ማኅበር ሲቀመጥ ዓይኖቹ ሁሉ ይጠይቁታል። አንድ ቀን ይገድላል። ገድሎም አይሸሽም፤ ጠመንጃውን ይዞ ራሱ እጁን ሊሰጥ የመጣ ሰው ተቀብያለሁ። «ጨርሻለሁ» ነበር ያለኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ዕረፍት ነው።

መምህርት፦ ታዲያ ይህ ሰው መዝኗል?

አጎት፦ መዝኗል። እስር ቤቱን በአንድ በኩል፣ የዘመዱን ዓይን በሌላ በኩል አድርጎ። ዓይኑ ከበደበት።

መምህርት፦ ክብርንም፣ የዘመድንም ዓይን እንደ ጥቅም ከቆጠርን፣ ያኔ ሰው ያደረገውን ሁሉ «ጥቅሙን መዝኖ ነው» ማለት እንችላለን። ሁሉን የሚያብራራ ነገር ደግሞ ነገ የሚሆነውን ሊነግረን አይችልም። ካልቆጠርን ደግሞ ገዳዩ ከሒሳቡ ውጭ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የሚገርመኝ የቻርልስ መሪ ነገር ነው። ያን ልጅ ነፍሰ ገዳይ ያደረገው የቤተሰብ መፍረስ አይደለም፤ የቤተሰብ መጥበቅ ነው። አባት ስላጣ ሳይሆን አባቱን ስላልረሳ ገደለ። የሚቆጡት ታላላቆች ነበሩት፤ ተቆጥተውም ላኩት።

አጎት፦ ግን አንቺ ልጅ፣ የሚያስታርቁትም እነዚያው ታላላቆች ናቸው። ፍርድ ቤት ሰውየውን ሃያ ዓመት ይፈርድበታል፤ ደሙ ግን አይደርቅም። ሽማግሌና ካህን ነው የሚያደርቀው። ገዳይ ወይም ወገኑ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ቤተሰብ ፊት ይወድቃል፣ የደም ካሳ ይቆረጣል፣ መስቀል ይመታል፣ ይማማላሉ። ከዚያ በኋላ በአንድ ገበያ መዋል ይችላሉ። አሁንም አንድ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ አለ፤ ጃቢ ጠህናን ወረዳ ነው። ገዳዩ ታስሯል፣ ተፈርዶበታል። ወንድሞቹ ግን እርሻ የሚወጡት ተጠባብቀው ነው።

መምህርት፦ ለዚህ ነው ቀኝ ዘመሞቹ «ቤተሰብ፣ ማኅበረሰብ፣ ሥርዓት» ሲሉ እኔ የትኛው ነው ብዬ የምጠይቀው። ጎጃም ውስጥ የሚገድለውም የሚያስታርቀውም ማኅበረሰብ ነው። መጥበቁ ብቻ ምንም አይነግረንም፤ በምን ላይ እንደጠበቀ ነው ቁም ነገሩ። ድሮ የነበረውን አፈርሳታ፣ አውጫጭኝም የሚሉትን፣ ያስቡ። አንድ ሰው ከብቱ ሲጠፋበት ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ በደለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ካልወጣም ካሳውን ተካፍሎ ይከፍል ነበር። ይህ የኮኸንና የፌልሰን ጠባቂ ነው፤ አገሩ ሁሉ ዘበኛ ይሆን ነበር። ግን ድሃ ገበሬ በዘር ወቅት ማሳው እየጠበቀው ሜዳ ላይ ይውል ነበር። ሰው እንዲለቀቅ ሲል ወዳጅ የሌለውን ይጠቁም ነበር።

አጎት፦ አባቴ ስለ አውጫጭኝ ሲያወራ እንዲሁ ይል ነበር። ብዙ ጊዜ ይወጣ የነበረው ሌባው ሳይሆን መጤው ነው ይል ነበር።

መምህርት፦ ዊልሰን ከሪቻርድ ሄርንስታይን ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ አንዳንድ ሰው ሲፈጠርም ለወንጀል ያዘነበለ ነው፤ በችኩልነቱ፣ በማስተዋል ማነሱ፣ በአካል ቅርጹም ሳይቀር ይታያል ብለዋል። ይህን ተማሪዎቼ ሲያነቡት ቀጥ ብለው የሚያምኑት ብዙ ናቸው። እዚህ አገር ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናቸው ብሎ ልጅን ከእነሱ የደበቀ ሕዝብ ልጆች ነንና። የሰው ክፋት ከትውልዱ ይመጣል ማለት ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ልንላቀቀው ያቃተን አሮጌ በደል ነው።

አጎት፦ እሱን እኔም አልቀበልም። ከክፉ አባት የተወለዱ ደጎች አውቃለሁ። ቅጣትስ? ቅጣቱ ከላላ ሰው አይፈራም። በንጉሡ ዘመን ሽፍታ ገበያ መሃል ይሰቀል ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከወጣ በኋላም ለከባድ ሌባ ግርፋት ተጨምሮበት ነበር።

መምህርት፦ ሽፍታ ጠፍቶ ነበር?

አጎት፦ አልጠፋም።

መምህርት፦ ይህን ዊልሰን ራሱ ይናገራል። የቅጣት ክብደት ብቻውን አያስፈራም፤ የሚያስፈራው የመያዝ እርግጠኝነትና የፍርድ ፍጥነት ነው። አሜሪካ ግን ከመጽሐፉ ክብደቱን መርጣ ወሰደች፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው እስር ቤት ነበራት፣ ከዓለም አገሮች ሁሉ የሚበልጥ። የእኛም የወንጀል ሕግ፣ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው፣ ሞት ሲፈረድ በአደባባይ በስቅላት እንዳይፈጸም ከልክሏል። ይህ ሕግ ሌላም ያደረገው ነገር አለ፤ ከእሱ በፊት የነበረው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ መንገድ ካገባት ክሱ እንዲቀርለት ይፈቅድ ነበር። አዲሱ ያንን አነሣ፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻንም ወንጀል አድርጎ፣ ልጅቷ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት እስራት ቆረጠ።

አጎት፦ ወዴት እየወሰድሽኝ ነው?

መምህርት፦ ቀኝ ዘመሞቹ ወደማይገቡበት ቤት። ወንጀል ሲሉ መንገድ ላይ ያለውን ነው፤ ኪስ የሚገባውን፣ ቤት የሚሰብረውን። ቤት ለእነሱ መጠጊያ ነው፣ አባት ጠባቂ ነው። እርስዎና እኔ በምናውቀው ገጠር ግን ልጅቷ ትምህርቷን ጥላ እንድትዳር የሚወስነው አባት ነው። የሚመሰክረው ሽማግሌ ነው። የሚደግሰው ጎረቤት ነው። ማታ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ጠዋት ማኅበር ላይ የክብር ቦታ ይሰጠዋል። በዚህ ወንጀል ውስጥ ኮኸንና ፌልሰን ያሏቸው ሦስቱም ነገሮች በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ የጠፋው ጠባቂ ደግሞ አጥፊው ራሱ ነው። በር መቆለፍ እዚህ ምን ይሠራል? የሚዘጋው በእሷ ላይ ነው።

አጎት፦ ... በመርማሪነቴ እንዲህ ያለ ክስ የመጣልኝ በጣት የሚቆጠር ነው።

መምህርት፦ ስላልነበረ አይደለም።

አጎት፦ አውቃለሁ።

መምህርት፦ ሌላም የማያዩት ወንጀል አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማዳበሪያ የጠፋ ጊዜ ያስታውሳሉ። ገበሬው ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሰልፍ ወጣ። በማኅበሩ መጋዘን የለም የተባለው ማዳበሪያ በጥቁር ገበያ በእጥፍ ዋጋ ይገኝ ነበር። አንድ ጆንያ ማዳበሪያ በጎን የሸጠ ሰው ስንት ኪስ ከገባ ሌባ ይበልጣል? ስንት ቤት ጦም አሳደረ? የዊልሰን ፖሊስ ግን ጥግ ላይ የቆመውን ጎረምሳ እንጂ ይህን ሰው አያይም፤ መስኮቱ አልተሰበረም፣ መጋዘኑም በቁልፍ ነው።

አጎት፦ ይህ ያንገበግበኛል። ግን ልጠይቅሽ፤ የእናንተ ግራ ዘመሞችስ ምን አሏት በርበሬ ሻጯን?

መምህርት፦ ሊ እና ያንግ የሚባሉ ሁለት ብሪታንያውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ከራሳቸው ወገን ጋር ተጣልተው የተነሡት እሷን ረሳናት ብለው ነው። የግራ ሪያሊስቶች ናቸው። ድህነት ብቻውን ሌባ አያደርግም፤ ከእርስዎ ጋር ይስማማሉ። የሚያሳምመው ከሌላው ጋር ተያይቶ የሚሰማ ማነስ ነው፤ በዚያ ላይ የሚሰማው ሰው ማጣት። የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በዚያው ዓመት የዘይት ፋብሪካውም ሲከፈት፣ እዚህ ያለ ወጣት ሁሉ ምን ተስፋ እንዳደረገ እርስዎ አይተዋል። ተስፋ የሌለው አባቱ ያልተቆጣበትን ነገር ልጁ የሚቆጣበት፣ በአጥሩ በኩል ስለሚያየው ነው።

አጎት፦ ቁጣው ይገባኛል። ሌብነቱ ግን አይገባኝም፤ አላበረታታምም።

መምህርት፦ እኔም አላበረታታም።

አጎት፦ እሺ። አሁን እኔ ልንገርሽ። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ወዲህ፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ጀምሮ ያለውን ተይው፣ ታውቂዋለሽ። መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ፍርድ ቤት ያልዋለበት ቀበሌ አለ። እገታ መጣ። ሰኔ 26 ቀን 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው የሚሄዱ ከመቶ በላይ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አጠገብ ከአውቶቡስ ላይ ወርደው ተወሰዱ፤ ለወላጆቻቸው ስልክ እየተደወለ ብር ተጠየቀ። ያ የእኛው የአዲስ አበባ መንገድ ነው። ይህን በድህነት አስረጅኝ! አጋቹ ነጋዴ ነው፣ ሒሳቡን ያውቃል፤ ጠባቂ እንደሌለ አይቶ ነው።

መምህርት፦ በዚህ ላይ ዊልሰንና ፌልሰን ትክክል ናቸው፤ አልከራከርዎትም። ጠባቂ ሲጠፋ ወንጀል ገበያ ይሆናል። ቡድን ሠርቶ ክላሽ የያዘን አጋች በእድርና በሰንበቴ አናስቆመውም፤ የታጠቀ ሕግ ያስፈልጋል። ግን ጋሼ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2015፣ እሑድ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር የተጣለው ነገር ቢያንስ 26 ሰው ገደለ። የሆስፒታል ሰዎች ለዜና ሰዎች የተናገሩት ቁጥር ነው። ማማው ላይ ያለው ማነው ብዬ የጠየቅሁት ለዚህ ነው። የቀኝ ዘመሞች ንድፈ ሐሳብ ጠባቂው ራሱ የሚፈራ ሲሆን የሚለው ነገር የለውም። ፖሊስ አለ ወይም የለም ብሎ ይቆጥራል እንጂ፣ ሰው ያምነዋል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

አጎት፦ የመርማሪ እንጀራው ምስክር ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የሠራ ብቻ ነው። ጣት አሻራ፣ ካሜራ፣ ያ ሁሉ ትርፍ ነው፤ አንድ ሰው መጥቶ «አይቻለሁ» ካላለ መዝገቡ ይዘጋል። ድሮ ምስክር ይመጣልኝ ነበር። እያጉረመረመም ቢሆን፣ ማታ ማታም ቢሆን ይመጣል። አሁን የሚመጣ የለም። አንዱን ወገን ቢፈራ ይሻል ነበር፤ የሚፈራው ሁሉንም ነው።

መምህርት፦ ምስክር ከሌለ የመያዝ እርግጠኝነት የለም። እርግጠኝነቱ ከሌለ ደግሞ ዊልሰን የቆመበት መሬት ራሱ ይከዳዋል። ሌባው የሚፈራው ሳይኖር ይቀራል፣ የሚፈራው ንጹሑ ብቻ ይሆናል።

አጎት፦ በሽምግልናውም ያው ነው። ድሮ ሁለት ወገን እናስታርቃለን፣ ይታወቃሉ፤ የገዳይን እናት እናውቃታለን፣ የሟችን እናውቃታለን። የአጋቹን ማን ብለን፣ በማን በኩል እንለምነዋለን? የምንችለውን ነው የምንይዘው። ለዚህ ነው የጃቢ ጠህናኑን ነገር ሳልጨርስ መተኛት የማልፈልገው፤ በዚህ መሃል ሌላ ደም እንዳይጨመር።

መምህርት፦ መቼ ነው የምትቀመጡት?

አጎት፦ ቅዳሜ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ። የሟች ወንድሞች ወደ እሺታው ተጠግተዋል። ካሳውም ተነጋግሮ ሊያልቅ ነው።

መምህርት፦ እናቱስ?

አጎት፦ እናቱን የጠየቃት የለም። ሽማግሌ የሚነጋገረው ከወንዶቹ ጋር ነው። ሟቹ የአራት ዓመት ልጅ ትቶ ነው የሞተው፤ ልጁ የሚያድገው እሷ ቤት ነው።

መምህርት፦ እንግዲያው ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ያ ልጅ ምን እየሰማ እንደሚያድግ የምትወስነው እሷ ናት።

አጎት፦ ... ቅዳሜ ትምህርት አለሽ?

መምህርት፦ የለኝም።

አጎት፦ ነጠላሽን ይዘሽ ነይ። እኛ ከዛፉ ሥር ስንቀመጥ አንቺ እናቲቱ ዘንድ ግቢና አነጋግሪያት። ስለ ካሳው አታንሺባት። ልጁን ምን ብላ እንደምታሳድገው ጠይቂያት፤ ያለችሽን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪኝ፣ እኔ ለጉባኤው አቀርበዋለሁ።